ከሱሉልታ የመጣ ጥያቄ፦ ሻጋታ፣ ፌስታል እና ወፍራሙ ልብ ወለድ

ጥያቄውን ያነሣችው ሱሉልታ የምትኖር ሴት ናት። ከአባቷ የቀሩ ሰባ ያህል መጻሕፍት አሏት። አብዛኞቹ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የታተሙ የአማርኛ ልብ ወለዶች ሲሆኑ፣ ጥቂቶቹ ወደ አማርኛ የተመለሱ የውጭ ተጓዦች ማስታወሻዎች ናቸው። ግንቦት መጨረሻ ላይ ክረምቱ ሳይገባ እያንዳንዱን በፌስታል ጠቅልላ፣ አፉን ቋጥራ፣ በካርቶን አድርጋ ከአልጋ ሥር አስቀመጠቻቸው። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ስትከፍታቸው ሽፋናቸው ላይ ዱቄት የነሰነሱበት የሚመስል ነጭ ነገር፣ በገጾቹ ዳር ቡናማ ነጠብጣብ፣ ከዚያም እርጥብ ጨርቅ ታምቆ ሲከርም የሚያመጣው ሽታ። የሻገተውን እንዴት እንደምታድን፣ የቀረውን የት እንደምታስቀምጥ፣ ከሁሉም የወፈረውን ፍቅር እስከ መቃብርን ደግሞ ፒያሳ ስትመላለስ በሃይገር ላይ ሳይበታተን እንዴት ልታነበው እንደምትችል ጠየቀች። የራሷንም ግምት ጨመረች፦ ጥፋቱ የፌስታሉ ስስ መሆን ስለሚመስላት ለከርሞ ድርብ አድርጋ በፕላስተር ልታሽገው አስባለች።

ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዋ ሥር የተከታተሉት የጽሑፍ መልሶች ሰንሰለት፣ 31 መልስ ይዟል። ሰላምታና ምስጋና ብቻ የሆኑትን እዘላለሁ፤ ቁም ነገር ያላቸውን በተራቸው አስፍሬያለሁ።

1ኛው መልስ ከለገጣፎ ነው። እህቴ ብሎ ጀምሮ፣ ብዙ እንዳትጨነቅ፣ መስከረም ሲጠባ መጻሕፍቱን እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ብታሰጣቸው ሽታውም ሻጋታውም እንደሚለቅ መከረ። 2ኛው በዚህ ተስማማና በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ትናንሽ ከረጢቶች ሰብስባ በየፌስታሉ እንድትጨምር ነገራት።

3ኛው ሁለቱንም አረመ። ጸሐፊው በወረቀት ጥበቃ ሥራ ላይ ያለ ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል፤ ክሩን መሠረት ያስያዘውም እሱ ነው። ወረቀት ደረቅ መስሎ ቢታይም ውስጡ ውሃ አለ። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን መጽሐፍ በተለመደ የክፍል አየር ውስጥ ከ30 እስከ 40 ግራም ውሃ ይይዛል፤ አየሩ እርጥብ ሲሆን ከዚያም ይበልጣል። በፌስታል ሲታሰር ውሃውም አብሮ ታሰረ ማለት ነው። ቀን ክፍሉ ሲሞቅ ከወረቀቱ ይወጣል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በፌስታሉ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል፣ ከዚያ ተመልሶ ሽፋኑ ላይ ያርፋል። አምስት ግራም የሚመዝን የጫማ ከረጢት ቢበዛ አንድ ግራም ተኩል ውሃ ይስባል፤ ለ40 ግራም ውሃ ምኑም አይደለም። የሻጋታ ዘር ደግሞ የትም አለ፣ ከውጭ መምጣት አያስፈልገውም። የሚጠብቀው የአየሩ እርጥበት ከ65 ወይም ከ70 በመቶ በላይ ሆኖ የሚቆይበትና ነፋስ የማይደርስበት ቦታ ነው። የታሰረ ፌስታል ሁለቱንም ይሰጠዋል፤ ድርብ ሲሆን ይብሳል።

ፀሐዩንም በዚያው አነሣ። የዚያ ዘመን ልብ ወለዶች ብዙዎቹ የታተሙት ጋዜጣ በሚታተምበት ዓይነት ርካሽ ወረቀት ላይ ነው። እንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን የሚባል ንጥረ ነገር አልወጣለትምና ብርሃን ሲያገኘው ይበልዛል፣ ይደርቃል፣ ይሰበራል። የጀርባው ኮላ ይሰነጠቃል፣ ሽፋኑ እንደ ቆርቆሮ ይጠመዘዛል። ስለዚህ ጥላና ነፋስ እንጂ ፀሐይ አይሆንም።

ከዚያ አሠራሩን ዘረዘረ፤ ይህ ሳይቆረጥ መነበብ ያለበት ነው። በመጀመሪያ የሻገተውን ካልሻገተው መለየት፤ የሻገተውን በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ጠቅልሎ ሌላ ክፍል ማኖር። ዝናብ በሌለበት ቀን፣ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በረንዳ ላይ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ መጽሐፉን አቁሞ ገጾቹን እንደ ማራገቢያ ገለጥ ማድረግ። ሻጋታው ሳይደርቅ አይነካም። እርጥብ ሆኖ ከተነካ ይለጠፍና ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፤ ሲደርቅ ግን ዱቄት ሆኖ ይለቃል። ሁለት ሦስት ቀን ከተናፈሰ በኋላ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ጓንት አጥልቆ፣ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ከጀርባው ወደ ውጭ ከነፋሱ ጋር መጥረግ። ብሩሹ ለሌላ ሥራ አይውልም። የተጠረገበት ልብስ ለብቻው ይታጠባል። ቡናማው ነጠብጣብ ግን አይለቅም፤ እሱን ለማስለቀቅ በረኪና ከተቀባ በረኪናው ወረቀቱን ይበላዋል።

4ኛው በአልኮል ቢጠረግስ ብሎ ጠየቀ። 5ኛው መልስ የዚያው የወረቀት ሰው ነው። 70 በመቶው አልኮል ለጨርቅ ሽፋንና ለመደርደሪያው ያገለግላል፤ ወረቀት ላይ ግን፣ በተለይ በእጅ ፊርማ ወይም በማኅተም ላይ ቀለሙን ስለሚያስኬድ፣ መጀመሪያ በማይታይ ጥግ በጥጥ ጫፍ ሳይሞከር አይነካም አለ።

6ኛውን የጻፈው ግንበኛ ነው። መጻሕፍቱን ትቶ ስለ ቤቱ ጠየቃት፦ የአልጋው ራስጌ በየት በኩል ነው? ግድግዳው ብሎኬት ነው ወይስ ጭቃ? ውጪው ተለስኗል? አሸንዳው ውሃውን የት ያፈሳል? መልሷን ሳይጠብቅ ሱሉልታና ኮዬ ፈጬ ላይ ደጋግሞ የሚገኘውን ገለጸ። በብሎኬት ቤት ከሁሉም ቀድሞ የሚቀዘቅዘው የኮንክሪቱ ምሰሶና የውጪው ጥግ ነው። የክፍሉ እርጥብ አየር እዚያ ሲደርስ ጤዛ ይሠራል፤ ሰው ጣሪያው አፈሰሰ ብሎ ቆርቆሮ ይቀይራል፣ እርጥበቱ ግን ከውስጥ ነው። ከታች እስከ ጉልበት ድረስ ልስኑ አብጦ የሚረግፍ ከሆነ ደግሞ ውሃው ከመሠረቱ እየተሳበ ነው፤ ወይም አሸንዳ የሌለው ጣሪያ የሚያንጠባጥበው ከመሬት እየፈነጠቀ ግድግዳውን ይመታል። ይህን ቀለም አይፈውሰውም። አሸንዳ መግጠም፣ ከግድግዳው ሥር አፈሩን ዝቅ አድርጎ ውሃው ወደ ውጭ የሚሄድበት ዘቅዛቃ መሬት ማበጀት ያስፈልጋል።

ለመጻሕፍቱ የሰጠው ልክ አጭር ነው። መደርደሪያው በቤቱ መካከለኛ ግድግዳ ላይ ይሁን፣ የውጪ ግድግዳ ላይ አይሁን። የመታጠቢያ ቤት ጀርባም አይሁን። ከግድግዳው አምስት ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ የታችኛው መደርደሪያ ከመሬት አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ የጀርባ ኮምፔርሳቶ ካለው ተነሥቶ አየር ይግባበት። መጻሕፍቱ አንድ ጣት እስኪገባ ላላ ብለው ይቁሙ። አልጋ ሥር ከቤቱ ሁሉ የከፋው ቦታ ነው፤ ወለሉ ቀዝቃዛ ነው፣ አየሩ አይንቀሳቀስም፣ ጠራጊም ዓይኑን አያደርስበትም።

በመጨረሻ፣ እንጀራ የምትጋግረው የት እንደሆነ ጠየቀ። ምጣዱ መጻሕፍቱ ካሉበት ክፍል ጋር በር የሚጋራ ከሆነ በጋገረች ቁጥር እንፋሎቱ ወደዚያ ይሄዳል።

7ኛዋ በዚህ ተቆጣች። ወንዶች ቤት ውስጥ ችግር ሲገኝ ጣታቸውን ወደ ማዕድ ቤት ይቀስራሉ፣ ክረምት ላይ እንጀራ ሜዳ ላይ ይጋገር ወይ አለች። ቁጣዋ አግባብ አለው፤ ግንበኛው ግን የተናገረው ስለ እንፋሎት ነበር። 8ኛው ጠቡን በቁጥር አበረደው። በእጅ ተጨምቆ ቤት ውስጥ የተሰጣ አንድ ባልዲ ልብስ ሁለት ሊትር ያህል ውሃ ወደ አየር ይለቃል፤ ስለዚህ ምጣዱ ብቻውን አይከሰስም። ሲጋገር የማዕድ ቤቱ መስኮት ተከፍቶ የክፍሉ በር ይዘጋ፣ ልብሱ በረንዳ ላይ ከለላ ሥር ይሰጣ፣ ቤቱ በቀን አንዴ፣ ጭጋጉ ከተገፈፈ በኋላ፣ ፊትና ኋላ ያሉት መስኮቶች ተከፍተው ለሩብ ሰዓት ይናፈስ። በክረምት ማለዳ መስኮት ከፍቶ መዋል ግን ጭጋጉን መጋበዝ ነው። እርጥበት መለኪያ ካላት ከ60 በመቶ በታች እስኪሆን ትከታተል፤ ከሌላት ሽታው ራሱ መለኪያ ነው፣ የሚሸት መጽሐፍ ገና አልደረቀም።

9ኛው ናፍታሊን ጣል ጣል አድርጊበት አለ፣ በአንድ መስመር። ክሩ ከምር የተካረረው እዚህ ላይ ነው። 10ኛዋ ቃል ሳታለሰልስ፣ ሰው በማያውቀው ነገር ምክር አይስጥ ብላ ጀመረች። ናፍታሊን ብልን እንጂ ሻጋታን አይገድልም። ትነቱ የሚተነፍሱትን ሰዎች ይጎዳል፤ ነጩን ክኒን ከረሜላ መስሎት የዋጠ ሕፃን ደሙ እስኪፈርስ ሊታመም ይችላል። መኝታ ክፍል ውስጥ ጨርሶ አይገባም። ሽታውም ከወረቀት ለዓመታት አይወጣም። ብል ወይም ሌላ ተባይ ከተገኘ መድኃኒቱ ቅዝቃዜ ነው። መጽሐፉን በፌስታል አጥብቆ አሽጎ፣ 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት ማቆየት፤ አውጥቶም ሳይፈቱ አንድ ቀን ሙሉ ክፍል ውስጥ መተው። ቀድሞ ከተፈታ ጤዛው ገጹ ላይ ይሠራል፣ ካልተፈታ ፌስታሉ ላይ ከውጭ ይሠራል። ፌስታል አሽጎ መያዝ ትክክል የሚሆነው እዚህ ላይ ነው አለች። ምክሯ ልክ ነው፤ አነጋገሯ ግን 9ኛውን ከክሩ አስወጣው፤ ዳግም አልጻፈም።

11ኛው የአብያተ ክርስቲያናትን ልማድ አስታወሰ። የብራና መጽሐፍ ከእንጨት ገበታው ጋር በቆዳ ማኅደር ይገባና በማንገቻው ግድግዳ ላይ ካለ ችካል ይንጠለጠላል። ከመሬት ይርቃል፣ አይጥና ምስጥ አይደርስበትም፣ በየአገልግሎቱም ይወጣል፣ ይገለጣል፣ ይናፈሳል። ለእኔ ከክሩ ሁሉ የበለጠ ያስደሰተኝ ይህ መልስ ነው። ግንበኛው በሳንቲ ሜትር የለካውን፣ ያ ችካል ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ለክቶታል። 12ኛው ግን ጥንቃቄ ጨመረ። ብራና ቆዳ ነው፣ ቀለሙም ከጥላሸት የተሠራ ነውና በቀላሉ አይደበዝዝም፤ የ1950ዎቹን ርካሽ ወረቀት በዚያ ልክ ማመን አይገባም። ብራና የሚያብጠውና የሚሸበሸበው በእርጥበት ስለሆነ ገበታዎቹ ጨምቀው ይይዙታል፤ ወረቀትም ከተናፈሰ በኋላ በሁለት ጣውላ መካከል ክብደት ተደርጎበት አንድ ሁለት ቀን ቢያድር ይስተካከላል።

13ኛው ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ተሻገረ፣ ወደ ሃይገሩ። ቦርሳው ውስጥ ለመንገድ በፌስታል ይሁን፣ ለሰዓታት ነውና አይጎዳም፤ ቤት ሲደርስ ግን ወዲያው ይውጣ። መጽሐፉ በመዳፍ ላይ ተይዞ እንጂ ከጉልበት ላይ አይነበብ። ከኋላ ጎማው በላይ ያለው ወንበር ይነቀንቃል፤ ከመካከል ወደ ፊት ያለው ይሻላል። ምልክት ማድረጊያው ስስ ወረቀት ይሁን፤ እስክሪብቶ ውስጡ ከትቶ መዝጋት ጀርባውን ይሰብራል፣ የደረቀ ወረቀት ጥጉ ከታጠፈ ደግሞ በሁለተኛው በሦስተኛው እጥፋት ይቀነጠባል።

14ኛው ከገላን ነው። ከ500 ገጽ በላይ የሆነን መጽሐፍ ቆሞ መያዝ ስለማይቻል በምላጭ አራት ቦታ ከፍሎ አንድ አንዱን ይዞ መሄድ እንደሚሻል ጻፈ። 15ኛው ጠራዥ ነው፤ በመርካቶ የሚሠራ። መልሱ ሦስት መስመር ነበር፣ ሦስቱም ቁጣ። የአባትን መጽሐፍ በምላጭ የሚነካ እጅ ዳቦ ይቁረጥበት የሚል መንፈስ ነበረው። 14ኛው በ16ኛ መልስ ተመለሰ፦ ሳይነበብ ካርቶን ውስጥ የሻገተ ሙሉ መጽሐፍ ይሻላል ወይስ ተከፍሎ የተነበበ? ጋሼ መልሱልኝ አለ፣ በትሕትናም በእልህም።

ጥያቄው እውነተኛ ነው፣ ጠራዡም እንደ እውነተኛ ጥያቄ ቆጠረው። 18ኛው መልሱ ከቁጣ ወደ ሙያ ተመለሰ፤ ልቤን ያሸነፈው ይህ ነው። መጀመሪያ የመጽሐፉ ጀርባ ከላይ በኩል ይታይ። ገጾቹ በትናንሽ እጥፋት እጥፋት ተሰብስበው ቅስት ቅስት ሠርተው ከታዩ በክር የተሰፋ ነው፤ አንዱ እጥፋት ብዙውን ጊዜ 16 ገጽ ነው። ጠፍጣፋና እንደ ዳቦ የተቆረጠ ከሆነ በኮላ ብቻ ተያይዟል። በክር የተሰፋው በግድ ይከፈል ከተባለ በሁለት እጥፋት መካከል ክሩን ብቻ በጥሶ መለየት ይቻላል፤ ወረቀቱ አይነካም፣ በኋላ ተመልሶ ይሰፋል። በኮላ የተያያዘው ግን አንዴ ምላጭ ከገባበት ከቁርጡ ግራና ቀኝ ያሉት ገጾች መያዣ ስለማይኖራቸው በሳምንት ውስጥ መርገፍ ይጀምራሉ።

ሁለተኛው ነገሩ ስለ ራሱ ሙያ ነው፣ የሙያ ባልደረቦቹን ሳይቀር ወቀሰ። የረገፈ መጽሐፍ ወደ ጠራዥ ሲሄድ ብዙ ጊዜ በጎን በወስፌ ተበስቶ ይሰፋል። ፈጣን ነው፣ ጠንካራም ይመስላል። ነገር ግን ከውስጥ ህዳጉ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበላል፤ መስመሩ ወደ ስፌቱ ስለሚገባ አንባቢው ለማየት በኃይል ይገልጠዋል፣ የደረቀው ወረቀትም በስፌቱ መስመር ላይ እንደ ብስኩት ይሰበራል። ከዚያ በኋላ ማንም አያድነውም። ለኮላ ጀርባ መጽሐፍ ትክክለኛው አሠራር አሮጌውን ኮላ ፍቆ ማንሣት፣ መጽሐፉን በሞርሳ አጥብቆ፣ ጀርባው ላይ በየሦስት ሳንቲ ሜትሩ በመጋዝ ጥልቀቱ ሁለት ሚሊ ሜትር የሚሆን ቦይ ማውጣት፣ ቦዩ ውስጥ ኮላ የነከረ ክር ማስተኛት፣ ከላዩ ስስ ጨርቅ ለጥፎ አንድ ሌሊት ማሳደር ነው። ህዳጉ አይነካም፣ መጽሐፉም ጠፍጣፋ ሆኖ ይገለጣል።

አንድ ገጽ ብቻ ከወለቀ እቤት ይሠራል። የገጹ ዳር ላይ ወረቀት ደርቦ ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ክፍት መተው፣ ነጩን የእንጨት ኮላ በስሱ መቀባት፣ ገጹን ወደ ቦታው መግፋት፣ ግራና ቀኙ እንዳይጣበቅ ከፌስታል የተቆረጠ ቁራጭ ማስገባት፣ ከባድ ነገር ጭኖ ማሳደር። ስኮች ግን አይለጠፍ። ፕላስቲኩ በዓመታት ውስጥ ይረግፋል፣ ሙጫው ግን ቡናማ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይቀራል።

19ኛው የዱቄት ሙጫ አይሻልም ወይ ብሎ ጠየቀና ከፍታው አሳሰበው፤ እነ ሱሉልታ ውሃ በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ስለሚፈላ ሙጫው አይበስልም የሚል ስጋት ነው። ጠራዡ ይህን ለሌላ ትቶለት 20ኛዋ መለሰች። የስንዴ ስታርች መወፈር የሚጀምረው ከ60 ዲግሪ ገደማ ነውና ከፍታው አይከለክለውም፤ በከፍታ የሚቸገረው ባቄላና ሥጋ ነው። አንድ እጅ ዱቄት በአምስት እጅ ውሃ በጥብጦ፣ እያማሰሉ ነጩ ወደ መስታወትነት እስኪያደላ ማብሰል ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፦ የዱቄት ሙጫ የሻጋታና የተባይ ምግብ ነው። በክረምት እርጥበት ላይ ላለ ቤት አትመክረውም።

እዚህ ላይ ክሩ ወደ መንገድ አዘነበለ። ሱሉልታ የጎጃም መንገድ ላይ ናትና 21ኛው፣ ልብ ወለዱ የሚተርከው የጎጃም ሀገር ውስጥ ለመግባት በዚያው መንገድ ጫንጮን፣ ፍቼንና ጎሃ ጽዮንን አልፎ ዓባይ በረሃን መውረድ ብቻ እንደሚበቃ ጻፈ። ቁልቁለቱ ላይ ግን አንባቢ መጽሐፉን ይዝጋ ይላል፤ ዓይን የማይንቀሳቀስ ገጽ ላይ ሲተከል የጆሮ ሚዛን ደግሞ መጠማዘዙን ስለሚያውቅ ሁለቱ ሲጋጩ ያቅለሸልሻል። መንገዱ ወደ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ሱሉልታ ላይ ክዳኑ የተጠበቀ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ በዓባይ ላይ ባለው በህዳሴ ድልድይ አጠገብ ሲደርስ ተጨምድዶ ይገኛል፤ ታች ያለው የአየር ግፊት ስለሚበልጥ ውስጡ የነበረው አየር አንድ ስድስተኛ ያህል ይጨመቃል። ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ይነፋል፣ አየር ያለበት እስክሪብቶም ቀለም ይተፋል። ስለዚህ እስክሪብቶ ከመጽሐፉ ጋር በአንድ ኪስ አይግባ።

የወረቀት ሰውዬው በ22ኛ መልስ ስለ ተጓዥ ማስታወሻዎቹ አንድ ነገር ጠቆመ። በትርጉም ሥራዎች ውስጥ ሰዓት ሳይመለስ የቀረበት ብዙ ነው። ተጓዡ ጠዋት ሰባት ሰዓት ላይ ጉዞ ጀመረ የሚል ዓረፍተ ነገር ከተገኘ ጥርጥር የለውም፣ የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሰባት ሰዓት ጠዋት የለም። ስድስት ሲቀነስ አንድ ሰዓት ይሆናል፣ ፀሐይ ወጥታ በቅሎ የሚጫንበት ሰዓት። ነገሩ ሲስተካከል ታሪኩም ይስተካከላል፤ ምሽት ስድስት ሰዓት ላይ መንደር ገቡ የሚለው እኩለ ሌሊት መሆኑ ቀርቶ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጀንበር ስትጠልቅ ይሆናል።

23ኛው ዓመቱንም በዚሁ መንገድ ማግኘት ቀላል ነው፣ ስምንት መቀነስ ብቻ ነው አለ። 24ኛው፣ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ የሚቀነሰው ሰባት ነው ብሎ አረመው። 25ኛው ደግሞ ቀኑንም አነሣ፤ ዓድዋን የውጭ መጻሕፍት ማርች 1 ይላሉ፣ እኛ የካቲት 23 ብለን የምናከብረው ግን ማርች 2 ላይ ነውና ከሁለት አንዱ ተሳስቷል ብሎ ደመደመ። 26ኛው ይህን በቁጣ ሳይሆን በትዕግሥት ፈታው። ማንም አልተሳሳተም። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር 1900ን ሠግር ዓመት (አንድ ቀን የሚጨመርበት) አላደረገውም፣ የእኛ ግን በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ማድረጉን አላቋረጠም፤ ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፋ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በእርግጥ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር፤ ዛሬ የካቲት 23 ማርች 2 ላይ ይውላል። በዚሁ ሕግ መስከረም 1 አሁን ሴፕቴምበር 11 ላይ ሲውል፣ በእነሱ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ሴፕቴምበር 10፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር በገባበት በ1770ዎቹ ዘመን ሴፕቴምበር 9 ላይ ነበር። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በመጣበት በ1520 ደግሞ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ገና አልወጣም፤ አውሮፓም በዩልዮስ አቆጣጠር ስለነበረች የእኛ ዕንቁጣጣሽ ኦገስት 29 ላይ ይውል ነበር። ዓመቱ ሠግር ሲከተለው አንድ ቀን ይጨመራል። የድሮ ማስታወሻ የሚያነብ ሰው ይህን አራት መስመር በሽፋኑ ውስጥ በእርሳስ ቢጽፈው ይጠቅመዋል።

27ኛው ስለ ፊደል ነው፣ ቶሎ ያልፋል። በድሮው ኅትመት ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ እየተለዩ ስለሚጻፉ ቃል በመዝገበ ቃላት ስትፈልግ እንዳትታክት፣ የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ደግሞ በሀ ለ ሐ ሳይሆን በአ በ ገ ደ ተራ የተደረደረ መሆኑን እንዳትረሳ መከራት። 28ኛው አሁን እነዚህ ፊደላት ይቅሩ ብሎ አንድ ክርክር ሊከፍት ሞክሮ ነበር፤ በዚያ የተከተለው የለም። 29ኛው በመንገድ ላይ ዓይኑ የሚደክምበት ሰው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ያነበበውን ፍቅር እስከ መቃብር ማዳመጥ እንደሚችል አስታወሰ፣ ንባቡ ከመጽሐፉ እኩል የሚወደድ መሆኑንም ጨመረ።

30ኛው መልስ የጠያቂዋ ነው። የአልጋውን ራስጌ ለክታለች፤ የውጪው ጥግ ላይ ነው። መጻሕፍቱ አሁን ከሳሎኑ መካከለኛ ግድግዳ ሥር በእንጨት ሳጥኖች ላይ ቆመዋል፣ ዘጠኙ በጋዜጣ ሳይሆን በነጭ ወረቀት ተጠቅልለው በረንዳውን ይጠብቃሉ። ወፍራሙን ከላይ በኩል አይታዋለች፤ ቅስት ቅስት ይታይበታል፣ ክርም አለው፣ ክሩ ግን ከመካከሉ ላልቶ አንድ እጥፋት ወጥቷል። ጠራዡን ጋሼ ብላ፣ ሳይከፈል፣ በጎንም ሳይበሳ ይሰፋልኝ ወይ ብላ ጠየቀችው።

በ31ኛው መልስ ጠራዡ የወጣው እጥፋት ከስንተኛ እስከ ስንተኛ ገጽ እንደሆነና የጀርባው ስፋት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ለክታ እንድትጽፍለት፣ እስከዚያው በጨርቅ ጠፍር አስራ እንድታቆየው፣ በላስቲክ ግን እንዳታስረው ነገራት።